ከአፍ ወደ አፍ የዞረው ማስቲካ

ይሄ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። የጓደኛዬ ጓደኛ ያወራችልኝ አይደለም፣ ከየትም አልገለበጥኩትም።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይ ወጥታ፣ ልጆች ደጅ ኳስ እየተራገጡ...

አስፈሪ ነገር በጨለማ ብቻ ነው የሚመጣው ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል።

ቦታው አንድ ሳሎን ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃውን ስትጨርሱ በስተግራ ያለው በር። በሩ ላይ ምንም ምልክት የለም።

ማመን ያለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ይሄን ስጽፍ እንኳን አፌ በምራቅ እየተሞላ ነው... ሊያስመልሰኝ ሲል እንደሚሞላው። ምግብ እየበላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ጨርሱ።

ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ የታካሚውን ጥርስ ልክ፣ ጥርስ ላይ ተጭኖ በሚረጋ ሊጥ ወስዶ ይልክልኛል፤ እኔ እዚያ ውስጥ ጀሶ አፍስሼ የሰውየውን ጥርስ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ አደርገዋለሁ። ከዚያ የጎደለውን እሠራለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የሰው ፊት ይጠፋኛል፣ ጥርስ ግን አልረሳም። መንገድ ላይ አንዱ ሰላም ብሎኝ ማን ነበር እያልኩ ስጨነቅ፣ ሳቅ ሲል ወዲያው አውቀዋለሁ።

ይሄን የምላችሁ ጉራ ለመንዛት አይደለም። በኋላ ስለ ጥርስ የምነግራችሁን "ተሳስታ ነው" እንዳትሉኝ ነው። እኔም መጀመሪያ ተሳስቼ ነው ብዬ ነበር።

ታናሽ እህቴን ሚጢ ነው የምላት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ በቁመት ትበልጠኛለች፣ ግን ሚጢ እንደተባለች ቀረች። እናታችን ስትሞት እሷ ዘጠኝ፣ እኔ ሃያ ሦስት ዓመታችን ነበር። አባት የሚባል አላየንም።

ያሳደግኳት እኔ ነኝ እላለሁ... እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ሥራ ሥራ ስል ያሳደጋት ቴሌቪዥን ነው። በር ቆልፌባት እወጣለሁ። ስመለስ ቴሌቪዥኑ ፊት ወለል ላይ ተኝታ አገኛታለሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያኔ የምታየው ድራማ "የአክስቴ ሳሎን" ይባላል።

አንዲት አክስት ወላጅ የሞተባቸውን ሰባት ልጆች በአንድ ሳሎን ታሳድጋለች። ልጆቹ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ያው ነው። የእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ግን ሁሌም አንድ ነው። አክስትየዋ ቀኑን ሙሉ ስታኝከው የዋለችውን ማስቲካ ከአፏ አውጥታ ለትልቁ ልጅ ታጎርሰዋለች። ትልቁ አላምጦ ለተከታዩ፣ ተከታዩ ለሚቀጥለው... እስከ ትንሿ ልጅ ድረስ።

ከዚያ አክስትየዋ "አላምጡ... አትዋጡ" ትላለች። በቃ፣ ያልቃል።

ማስቲካው እስከተላመጠ ድረስ ከዚያ ቤት ማንም አይጎድልም ማለት ነው አሉ። ሚጢ ያን ሰዓት ስታይ እንባዋ ይመጣ ነበር። እኔ ያኔም ይቀፈኝ ነበር።

ድራማው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አሥራ ዘጠነኛው ክፍል ላይ ተቋረጠ። መጨረሻ የለውም። ለምን እንደቆመ የተናገረ ሰውም የለም።

ሰው ይረሳዋል ብላችሁ ነው? ከዓመታት በኋላ ሚጢ ስልኳ ላይ አድናቂዎቹን አገኘቻቸው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ... በአራተኛው ክፍል የተሰበረው ስኒ በሰባተኛው እንዴት ደህና ሆኖ ታየ ብለው ለሦስት ቀን የሚከራከሩ ሰዎች ናቸው። አክስትየዋ የምትለብሰውን ዓይነት ቡናማ ሹራብ ይለብሳሉ። ሲገናኙ ሰላምታቸው "አላምጡ" ነው፤ መልሱ "አትዋጡ"።

እኔ ሳቅኩ። እንዲያውም ለልደቷ ያንን ቡናማ ሹራብ የገዛሁላት እኔው ነኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት ቲቸር የሚሏቸው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ቤት እየተሰበሰቡ ያያሉ። ቲቸር ድራማው ሲቀረጽ ለሕፃናት ተዋንያኑ አስጠኚ ነበሩ አሉ። ስምንት ሰዓት የሚሰበሰቡት ድራማው ያኔ የሚተላለፈው በዚያ ሰዓት ስለነበር ነው። ደስ አለኝ። ከቤት ወጣች፣ ሰው አገኘች አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ።

መጀመሪያ መብላት አቆመች።

ማኮሮኒ አቀርብላታለሁ፣ በሹካ ወዲያ ወዲህ ታደርገውና በልቻለሁ ትላለች። ሹራቡ ትከሻዋ ላይ እንደተሰቀለ ሆነ።

ከዚያ መንጋጋዋ...

አፏ ባዶ ነው፣ ግን ያኝካል። ልብስ ስታጥፍ ያኝካል። ስልክ ስታወራ፣ ሰውየው እስኪመልስላት ያኝካል። ተኝታ ገብቼ አየኋት፤ ዓይኗ ተከድኗል፣ መንጋጋዋ ቀስ እያለ ይሄዳል።

ከሁሉ የባሰው ግን ሽታው ነው።

የአፍ ሽታ አዲሴ አይደለም። እንጀራዬ ነው። የታመመ ድድ ሽታ አለ፣ የበሰበሰ ጥርስ ሽታ አለ፣ የባዶ ሆድ ሽታ አለ። ሁሉንም ለይቼ አውቃለሁ። አንድ ጠዋት ሚጢ ልትስመኝ ጎንበስ ስትል ከአፏ የወጣው ግን...

የአንድ ሰው አፍ ሽታ አልነበረም።

የሽማግሌ አለበት፣ የአጫሽ አለበት፣ የሕፃን ወተት አለበት። ሁሉም ከእህቴ አፍ ነው የሚወጣው። ፊቴን አዞርኩ። በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ጉንጬን በሳሙና አጠብኩ፣ የገዛ እህቴ የሳመችኝን።

በነጋታው ጎትቼ ሥራ ቦታዬ ወሰድኳት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የመንጋጋ ጥርስ ሠርቼላት ስለነበር የጥርሷ ጀሶ መደርደሪያዬ ላይ አለ። አዲስ ልክ ወስጄ አፈሰስኩና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

አሮጌው የማውቀው የሚጢ ጥርስ ነው። ትከሻ ለትከሻ የገጠመ፣ ቀጥ ያለ።

አዲሱ ላይ ግን ከፊት ፍንጭት አለ። የግራው ክራንቻ ወደ ውስጥ ዞሯል። የታችኞቹ ጥርሶች ደግሞ የሰባ ዓመት ሰው ጥርስ ይመስል ተበልተው አልቀዋል።

አፏን ክፈቺ አልኳት። እውነት ነው፣ እንደዚያው ነው። ለካ ከወራት ጀምሮ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር። እኔ ጥርስ ሠሪዋ፣ የሰው ጥርስ ሳይ እየዋልኩ የእህቴን አላየሁም።

ሚጢ ግን መስታወት አንስታ ፍንጭቷን እያየች ያምራል አይደል አለችኝ።

ተቆጣኋት። ማስቲካ አብዝተሽ ነው፣ ጥርስሽን እያፋጨሽ ነው፣ ምናምን ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። ሰው ምክንያት ካልሰጠ እንዴት ይተኛል?

በሳምንቱ ዶክተሩ የአንድ አዲስ ታካሚ ልክ ላከልኝ። መንጋጋውን ስለሚያመው፣ ማታ ማታ ጥርስ እንዳይፋጭ የሚደረገው ፕላስቲክ እንዲሠራለት ነው። ጀሶውን አፈሰስኩ፣ ደረቀ፣ ሊጡን ላጥኩት...

ፍንጭት። የዞረ ክራንቻ። የተበሉ የታች ጥርሶች።

የሚጢን ሊጥ ሁለተኛ አፍስሼ ነው ብዬ ራሴን ሰደብኩ። ወረቀቱን አየሁ። ወንድ፣ ሃምሳ አንድ ዓመት፣ የአውቶቡስ ሹፌር። ዶክተሩ ጋ ደውዬ የእህቴን ልክ ነው የላክህልኝ አልኩት። ሳቀብኝና እረፍት ውሰጂ አለኝ። በመለኪያ ለካሁ፣ ከሚጢ ጥርስ የፀጉር ያህል እንኳን አይለይም።

ፕላስቲኩን ሊወስድ ሹፌሩ ራሱ መጣ። ግዙፍ፣ ጨዋ ሰው ነው። አመሰገነኝ። ሊወጣ ሲል ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጡትን ሁለት ጀሶዎች አየ። አልደነገጠም። አንዱን አንስቶ በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

"ይሄኛው የማናችን ነው?"

እናንተ እነማን ናችሁ ስለው፣ እህትሽ ትነግርሽ የለ ብሎ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ከኋላ አየሁት። መንጋጋው ይሄዳል።

የዚያን ዕለት ሚጢን አፋጠጥኳት። አልደበቀችኝም፣ እንዲያውም ፊቷ በራ። ቲቸር በድራማው የመጨረሻ ቀን ማስቲካውን ከቀረጻው ቦታ ይዘውት ወጥተዋል። ያው የአክስትየዋ ማስቲካ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተላመጠ ነው። አዲስ ሰው ሲገባ የራሱን አንዲት ፍሬ አላምጦ ይጨምርበታል። ድራማው ስላልተዋጠ አላለቀም አለችኝ።

አሥራ ሁለት ዓመት... የስንት ሰው ምራቅ።

ከዚያ የቀረውን ነገረችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የአክስት ወንበር ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። ማስቲካውን ከድራማው ክፍል መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዋን ይዛ ከቆየች አክስት ትሆናለች። አክስት ደግሞ...

"አክስት ከሳሎን አትወጣም፣ እቴትዬ" አለችኝ። "ልብሴን በኋላ እወስዳለሁ።"

አልጮህኩባትም። ብጮህባት እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ እልኸኛ ናት፣ በእኔ ወጥታለች። አብሬሽ ልምጣ ብቻ አልኳት። ከእናቴ የተረከብኩት እሷን ብቻ ነው። ይዣት ካልተመለስኩ ምን ብዬ ነው የምኖረው?

ቅዳሜ ደረሰ። ከስምንት ሰዓት አሥር ደቂቃ በፊት ሦስተኛ ፎቅ ወጣን።

ቲቸር ቡናማ ሹራብ ለብሰው ከፈቱልን። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ፀጉራቸው የተበጠረ ሴትዮ ናቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"አላምጪ" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ደህና ዋሉ" አልኳቸው።

ሳሎኑ የድራማው ሳሎን ነው። ሶፋው፣ መጋረጃው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት። ከሩቅ ያምራል። ጠጋ ስትሉ ግን ወለሉ ጫማችሁን ይይዛል... እግሬን ባነሳሁ ቁጥር ቸቅ ይላል። ሶፋው የፕላስቲክ ልባስ አለው፣ ላዩ ላይ የደረቀ ነገር ዝርግፍ ብሏል። መስኮት ተከፍቶ አያውቅም። ሽታው ያ ነው፣ ከሚጢ አፍ የወጣው። እዚያ ግን ክፍሉ ሙሉ ነበር።

ስድስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሹፌሩ አለ። አንዲት የፋርማሲ ሠራተኛ፣ ባልና ሚስት ልብስ ሰፊዎች፣ ሁለት የማላውቃቸው ወጣቶች። የሁሉም መንጋጋ እኩል ይወጣል፣ እኩል ይወርዳል። ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ።

በእናቴ እምላለሁ... ስድስት ፊት ነው፣ ጥርሱ ግን አንድ ነው።

ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። አሥራ ዘጠነኛው ክፍል። ቲቸር ክዳን ያለው ብርጭቆ ከጓዳ ይዘው መጡ። ውስጡ ደፍረስ ያለ ውሃ አለ፣ ውሃው ውስጥ እሱ አለ።

የዶሮ እንቁላል ባያክልም ብዙም አይርቀውም። ግራጫ ነው። አንዳንድ ቦታ ሮዝ፣ አንዳንድ ቦታ አረንጓዴ ጣል ጣል ያለበት። ፀጉር ገብቶበታል። የነጣ ፀጉር። ቲቸር በጣታቸው ሲያወጡት እየተለጠጠ ቀጭን ክር ሠራ፣ ክሩን በምላሳቸው ቆረጡት።

ሁሉም ተራ በተራ ለሰላምታ ያህል ሁለት ሁለት ጊዜ አላመጡት። ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ። ሚስትየዋ ከባሏ አፍ በቀጥታ ተቀበለች። ድምፁን ልነግራችሁ አልፈልግም። ሰው እግሩን ከጭቃ ሲያወጣ የሚሰማው ዓይነት ነው። እኔ አፌን በመሐረብ ይዤ ምሳዬን ወደ ታች እየመለስኩ ነበር።

ከዚያ ለሚጢ ሰጧት።

የአክስት ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ። አፏን ከፈተች። ቲቸር በአውራ ጣታቸው እየገፉ አስገቡት። ጉንጮቿ ተነፉ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግን ማኘክ ጀመረች።

አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ።

ምራቋ በአገጯ እየወረደ ሹራቧ ላይ ይንጠባጠባል። ማንም አይጠርግላትም። ሰዎቹ ቴሌቪዥኑን ትተው የእሷን አፍ ነው የሚያዩት። እኔ ብቻ ነኝ ወደ ቴሌቪዥኑ የዞርኩት፣ እሷን ማየት ስላቃተኝ።

አክስትየዋ ስትስቅ ካሜራው ቀረባት።

ፍንጭት። ወደ ውስጥ የዞረ የግራ ክራንቻ።

የማን ጥርስ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የእነሱ አይደለም። የእህቴም አይደለም።

ከኋላዬ ሚጢን ትን አላት። ዞር ስል ፊቷ ጠቁሯል። እጇን ወደ ጉሮሮዋ ወሰደች፣ ታንቃለች። አንድም ሰው አልተነሳም። ዘልዬ ደረስኩባት። በግራ እጄ የታች መንጋጋዋን ወደ ታች ይዤ፣ የቀኝ እጄን ሁለት ጣት ከትቼ ያንን ነገር ልጎትት... ሥራዬ ነው፣ የሰው አፍ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ አውቃለሁ።

ሞቃት ነው። ጣቴን ሲነካው ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ ነከሰኝ።

ስሙኝ። የሚጢ የላይኛውም የታችኛውም ጥርስ ከጣቴ ርቆ ይታየኛል። መንጋጋዋን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ በእጄ ይዤዋለሁ። የነከሰኝ ግን ከምላሷ በላይ፣ ከመሃል ነው። እስከ አጥንቴ ነው የገባው።

እጄን መነጨቅኩ። ደሙ ቡናማው ሹራብ ላይ ተንጠባጠበ። ሚጢ ደሙን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ በእነዚያ ወራት ውስጥ እህቴ ሆና አየችኝ፣ በዘጠኝ ዓመቷ በሩን ስቆልፍባት ታየኝ እንደነበረው።

አፏን ገጠመች።

እና ዋጠችው።

አንገቷ አበጠ። እብጠቱ ቀስ እያለ ወረደ... ከአገጯ ሥር፣ ወደ መሃል፣ ወደ ደረቷ። ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም። ትሞትብኛለች ብዬ ጀርባዋን ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ትንፋሿ መጣ። አንዴ፣ ሁለቴ።

ሰዎቹ ይገድሉናል ብዬ ነበር። ሕጋቸውን ጥሳለች።

ማንም አልጮኸም። ቲቸር ቴሌቪዥኑን አጠፉ። ሚስትየዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፣ የእፎይታ ለቅሶ ነው። ሹፌሩ ሄዶ መስኮቱን ከፈተው። መንጋጋቸው ቆሟል። የሁሉም።

ቲቸር መጥተው የሚጢን እጅ ሳሙ።

"ተባረኪ ልጄ" አሏት በሹክሹክታ። ወደ እኔ ዞሩ። "መጨረሻው ይሄ ነው። ልንነግራት አንችልም ነበር... ዋጪ ካሏት አይሆንም። ራሷ ናት መዋጥ ያለባት። አሥራ ሁለት ዓመት ስንጠብቅ ኖርን።"

ደሜ ፈልቶ እጄ ቢነሳም፣ ሴትዮዋን መንካት ራሱ ቀፈፈኝ። እነሱ ሹራባቸውን እያወለቁ ወንበር ላይ እየጣሉ አንድ በአንድ ወጡ። ከስብሰባ እንደሚወጣ ሰው፣ ሰላም እንኳን ሳይባባሉ።

ታክሲ ውስጥ ሚጢ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ጣቴን በመሐረብ እየጠቀለለችልኝ ነገረችኝ። ጣትሽ ሲደማ ሳይ ጠላሁት አለች። እንዲያልቅ ብዬ ነው የዋጥኩት አለች። አለቀስኩ። አንጀቴን በላችው። ያን ያህል እንደምትወደኝ አላውቅም ነበር።

በቀጥታ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ራጅ ተነሳች። ምንም የለም፣ ማስቲካ ሆድ ውስጥ አይቀርም፣ በሁለት በሦስት ቀን ይወጣል አሉን።

አመንኳቸው። ምክንያቱም ወዲያው መብላት ጀመረች። ዳቦ፣ ሾርባ፣ ድንች፣ ያገኘችውን። ጉንጯ ሞላ። መንጋጋዋ ባዶውን ማኘክ ተወ። ስልኳ ላይ የነበረውን የድራማ ጉድ ሁሉ አጠፋች። እኔም በጊዜ ከሥራ እየወጣሁ አብሬያት መብላት ጀመርኩ፣ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በሦስተኛው ሳምንት ሹፌሩ ሥራ ቦታዬ መጣ። የሠራሁለት ፕላስቲክ አልገባ ብሎታል። አዲስ ልክ አስወስጄ አፈሰስኩ። ፍንጭቱ የለም። ክራንቻው ቀጥ ብሏል። የማላውቀው ሰው ጥርስ ነው፣ የራሱ። ስለ ቅዳሜዋ ስጠይቀው ዓይኔን ማየት አቃተው። እህትሽ ደህና ናት ወይ አለኝ። ደህና ናት ስለው፣ መልሴን ያልጠበቀው ይመስል ቆሞ ቀረና ፕላስቲኩን ሳይወስድ ሄደ።

እኔ በደስታ ነው ወደ ቤት የበረርኩት። የእሱ ከተመለሰ የሚጢም ይመለሳል አልኩ። ልክሽን ልውሰድ አልኳት። ዛሬ ደክሞኛል አለች። በማግስቱም ደክሟት ነበር።

ይሄ ሁሉ ሆኖ፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ እየበላን ነው። ዳቦና እንቁላል። እናታችን ሳትሞት፣ እሷ ልጅ ሳለች አደርገው እንደነበረው ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ ስትበላ አያታለሁ። ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ።

ዳቦውን ቆረሰች። አፏ ውስጥ ከተተች። ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ አለ።

ሌላ ቆረሰች። ከተተች። ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ አለ።

ጉንጯ አልተንቀሳቀሰም።

ትልቅ ትልቅ ቁራሽ ነው። እንቁላሉን በሙሉው አነሳችው። ከተተችው። ወረደ።

"ሚጢዬ... አላምጪ እንጂ" አልኳት። "ይተናነቅሻል።"

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ የእህቴ ፊት ነው፣ ደግ፣ ደከም ያለ።

"ለምን እለፋለሁ" አለችኝ በሹክሹክታ። "እሷ ታላምጥልኛለች።"

ከወንበሬ ተነሳሁ። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። ሹራቧን ገለጥ አድርጌ ጆሮዬን ሆዷ ላይ ለጠፍኩ። ሚጢ ፀጉሬን ትዳስሰኛለች።

መጀመሪያ የልቧን ትርታ ሰማሁ። ከዚያ ከሥሩ ሌላ ነገር አለ። እርጥብ ነው። የማይቸኩል። ጥርስ ከጥርስ ሲገጥም የሚሰማውን ድምፅ ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ።

ትንፋሼን ያዝኩ።

ቆመ...

የሚሰማው ሰው እንዳለ የነቃ ይመስል፣ ጸጥ አለ።

ሚጢ ከላዬ አንድ ቁራሽ ዳቦ ዋጠች። ሲወርድ ጉንጬ ላይ ተሰማኝ።

እንደገና ጀመረ።